ምንም አልጎደለም

ቦዩ ረግቷል በግሮኒንገን፤ ብስክሌቴን ካጥር አሰርኩ፣
የደነዘዘ ጣቴን እፍ እያልኩ
ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁ፤ ነጩን ካፖርት ለበስኩ።
ሂልትየ ቀድማኛለች፤ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች፤
በሰኔ ጡረታ ትወጣለች፣
ዛሬም ማይክሮስኮፑ ላይ ታጎነብሳለች።
«ነይ» አለችኝ፣ «ይሄን ሰው እይው፤
የሎፐርሱሙ ግንበኛ ነው።»

ሦስት ቀን በሞቃት ሳጥን ያደረ ደም፤
ሊከፈል የተነሳውን ሕዋስ በመከር አበባ መርዝ አስቁመን፣
መስታወት ላይ ከከፍታ ጠብ አድርገን፣
በሐምራዊ ቀለም ነክረን፣
እነሆ ተበትነዋል፣ አርባ ስድስት፣
እንደ ተፈታ ጥለት።

ክሮሞዞም ይሏቸዋል። እኔ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ
ከቃሉ ውስጥ የምሰማው ክሩን ብቻ ነው፤
ከባዕድ ቃል የራሱን ይለቅማል አማርኛ የለመደ ጆሮ።

ሂልትየ ድሮ፣ ኮምፒውተር ሳይመጣ፣
ከፎቶው ላይ በመቀስ ቆርጣ ቆርጣ
ጥንድን ከጥንዱ ታጋባ ነበር።
አንድ ቀን አስነጠሳትና
ሃያ አንደኛው ክር በረረ፤
እስኪመሽ ተፈልጎ
ከገዛ ጫማዋ ሥር ተጣብቆ ተገኘ።

መለዋወጥ ነውር አይደለም፤ የክር ሁሉ ወግ ነው።
የእናት ክርና የአባት ክር ለዘር ሲሰናዱ
ጎን ለጎን ተኝተው
ይቆራረጣሉ፤ ስንዝር በስንዝር፣ ልክ በልክ፣
ሰጥቶ መቀበል ነው።
ወንድምሽ የአያትሽን አፍንጫ ጠቅልሎ ሲወስድ
ለአንቺ ቅንድቧ ብቻ የደረሰሽ ለዚህ ነው።

ይሄኛው ግን የጥንዶች ገበያ አይደለም።
አስራ አንድ ከሃያ ሁለት ጋር ዝምድና የለውም።
ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሰበሩ፤
ጠጋኙ ደረሰ፣ ስብራት አየና ቸኮለ፣
የዚያን ጭራ ለዚህ፣ የዚህን ለዚያ ቀጠለ።

ሂልትየ ቆጠረች። እኔም ቆጠርኩ።
ምንም አልጎደለም። ምንም አልተረፈም።
ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ጡብ ተሸክሞ መሰላል ይወጣል።
ለልጁ ግማሹን ሲያካፍል ነው ጉዱ፤
አንዱ ጭራ ይደገማል፣ አንዱ ይቀራል።
ሦስት ፅንስ እንዲህ ሄዷል፤
አንዱ ስም ወጥቶለት ነበር።

ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል እሰማ ነበር፤
ልጓሙና ዘሩ አብረው ሲበጠሱ ግን አላየሁም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቤረንድ መጣ፣ ከሚስቱ ከያንቲና ጋር፤
እሷ ጓንቷን አላወለቀችም።
በሰፈራቸው ከመሬት ሥር ጋዝ ተቀድቶ ተቀድቶ
ምድሩ ይንቀጠቀጣል፤
ቤቱ በግንድ ተደግፎ ይቆማል፤
እንጀራውም የሰው ግድግዳ ስንጥቅ መድፈን ነው።
ሥዕሉን አየ፤ እንደ ግንበኛ አየው፤ ራቅ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።
«ይሄን ማን ሰነጠቀው?» አለ።
«በኛ ሰፈር ቢያንስ የሚከሰስ ኩባንያ አለ።»
«ማንም» አለች ሐኪሟ፤ «ምናልባት ከእናት፣ ወይ ከአባት።»

እናቱ ትሪንትየ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
በአውቶቡስ መጣች፤ ደሟን እኔ ቀዳሁት።
የደም ሥሯ ቀጭን ነው፤ ሁለቴ ሳትኩት፤
«ግድ የለም ልጄ» አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ሰማች፤
ያው አስራ አንድ፣ ያው ሃያ ሁለት።
የእጅጌዋን ቁልፍ ስትቆልፍ ቆየችና
«ቤረንድ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ጠፍተውብኛል» አለች።
«የባሌ እናት ‹የወተት ጋን አንስተሽ ነው› አለችኝ።
ሃምሳ አምስት ዓመት ያንን ጋን አላወረድኩትም።»

ማንም አልተናገረም።
ማሞቂያው ብቻ ቱቦው ውስጥ ተንጠባጠበ።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች፤
ቅባት የነካው አመልካች ጣቷን
ከጭራው ላይ አሳረፈች፤ «ይቺ ናት?»
«ይቺ ናት።»
«ትንሽ ናት እኮ!»

ሂልትየ መስታወት ላይ አሻራ አትወድም፤
ሃያ ጊዜ ትጠርጋለች በቀን፣ በነጭ ጨርቅ።
ያንን ግን እስከ ሰኔ አልነካችውም።