የሙሜ ጭረቶች

ሙሜ ፊደል አልቆጠረም፤ ጭረት ግን ያውቃል፤
ለቆመ ችግኝ አንድ ቀጥ ያለ ይሰምራል፣
ለደረቀ ደግሞ በአግድም ያቋርጣል።
ደብተሩ ከለገሃር ተርፎ የወደቀ፣
የጭነት መዝገብ ነው፣ ዘመኑ ያለቀ፤
«መነሻ» ይላል ዓምዱ፣ «ክብደት»፣ «መድረሻ»፤
ገጹ ወዝ የጠጣ፣ ጠርዙ የአይጥ ጉርሻ።

አርባ ዓመት እንዲህ ነው፣ ከደንገጎ ሥር
ያቺኑ ተዳፋት ሲቆጥር፣ ሲቆጥር፤
በአራት የሐዲድ ብረት የታጠረች ምድር።

ዓመተ ምሕረት የለውም፤ በጣቱ መትቶ፦
«ይሄ ባቡር የቆመ ለት፣ ሐዲዱ ዝጎ ተኝቶ፣
ይሄ ደቻቱ ሞልቶ ሰው የወሰደ ማታ፣
ይሄ ደግሞ የዘመቻው፣ የሆታ፣ የእልልታ፣
ቆብ ደፍተው በአውቶቡስ ወጥተው የተከሉት፣
ማን ያጠጣዋል ብለው አንድም ያልጠየቁት።»
ያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ጭረቱ ተቆርጧል።

እኔ ከሳቢያን ነኝ። ጂፒኤስ አንጠልጥዬ፣
ሜትር ጠቅልዬ፣ አበል ተቀብዬ፣
መጣሁ ላስተምረው።
ሦስት ቀን ግንድ አቀፍኩ፣ ቁመት ለካሁ፣ ጻፍኩ፤
በአራተኛው ቀን የእሱን ደብተር ገለጥኩ።

ይሄዳል።
ጭረቱ ይሄዳል፣ ገጽ በገጽ፣ ሽቅብ።
ዛፍ የቆመ ይመስላል ለሚያልፍ በመኪና፤
በደብተር ሲታይ ግን መንገደኛ ነውና
ጥዱ፣ ከታችኛው ብረት ዘንድ የነበረው፣
እርከን ለቆ እርከን ሲይዝ፣ ሙቀት ሲያባርረው፣
ዛሬ ከአናት ላይ ሦስት ራሱን ቀርቷል፤
ከዚያ በላይ ሰማይ ነው፤ ወዴት ይሸሻል?
በለቀቀው ቦታ የሜዳው ግራር ገብቶ፣
በፍየል ሆድ ተሳፍሮ፣ ያለ ትኬት መጥቶ፣
ይዞታል ዳገቱን፣ ጃንጥላ ዘርግቶ።

ፍየሎቹ የሮብሌ ነበሩ፣ የጎረቤት፤
ስሙ በሶማሊኛ የዝናብ ልጅ ማለት፤
ሃያ ዓመት ተጣሉ፣ አጥር እየፈረሰ፣ እየታጠረ፤
ኋላ ግጦሹም አለቀ፤ ሮብሌም ወደ ሽንሌ ወረደ፣ በዚያው ቀረ።
በገጹ ጥግ አንዲት ፍየል ተስላለች፤
ጭረት የላትም።

ሙሜ ከሰው ይልቅ ሰማዩን ነው የሚያማ፦
«ድሮ በልግ ነበር አንኳኩቶ የሚገባ፣
ዛሬ ወይ አይመጣ፣ ወይ ሰብሮ እንደ ሌባ»
ይላል፣ ደረቅ አፈር በመዳፉ እያሸ።

ቢሮዬ ቅጽ አለው፦ «በመቶ ስንት ጸደቀ?»
ጠየቅሁት።
«ልጄ፣ እንደ ሰው ነው፤ ጽድቁ መቼ ታወቀ?
በመስከረም የጸደቀ በጥር ይኮነናል፤
ተኮነነ ያልኩት ጉቶው ያቆጠቁጣል።
ባሕር ዛፉ ነደደ፤ ግራቪሊያው ቀረ፤
ክትክታው ብቻ ነው ዐለት ነክሶ ያደረ።
ነይ፣ ሥሩን እዪው።»

ጎንበስ አልኩ። ከብስባሹ፣ ከክትክታው ጥላ፣
ወይራ አገኘሁ፣ ቁመቷ ስንዝር የማይሞላ፤
ማንም አልተከላት። ወፍ ነች በልታ የጣለች፤
ሁለት በጋ እዚያው ተሸሽጋ ያለፈች።

«ይችንስ እንዴት ልትጽፋት ነው?
ተከልን አንል።»
እርሳሱን በምላሱ አረጠበ። ቆየ።
«መነሻ» በሚለው ሥር ትንሽ ወፍ ሳለ፤
«ክብደት» ላይ ምንም፤
«መድረሻ» ጋ ሲደርስ፣ እጁ ከፍ እንዳለ፣
ቀና ብሎ ሦስቱን ጥዶች አየ፤
ከታች ድሬን፣ የአሸዋውን ወንዝ፣
በፀሐይ የሚነደውን ቆርቆሮ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦
«ዕድሜሽ ስንት ነው?»
«ሃያ ስድስት።»
በጣቱ አሰላ። አርባ ደመረበት።
«ይበቃል» አለና
ደብተሩን ከነእርሳሱ እጄ ላይ አኖረው።