ዐሥር ጎማ

ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ መልስ፤ የሻርጃ ሰናዒያ ጋራዥ ሁሉ ተዘግቷል፣
ከላይኛው አልጋ ባይጁ ፎጣ ዓይኑ ላይ ጥሎ ተኝቷል፣
ኤሲው ጉሮሮውን ይጠርጋል።
እኔ ከሥር፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ካርቶን አድርጌ ጠረጴዛ፣
ግማሽ ቱቦ ሲሊኮን ይዤ አውራ ጣቴን በሳሙና ሳወዛ።

ጥቁር ነው። ከሠላሳ አንደኛው ፎቅ፣ ከመስታወት ዳር የተረፈ፣
ፎርማኑ «ጣለው» ያለኝ፣ አፉ ደርቆ ያኮረፈ።

ቸርኬዎቹን ጉልዛር ነው በምሳ ሰዓቱ ቶርኖ ላይ ያወጣልኝ፣
«ለየትኛው መኪና?» ብሎ፣ መልሴን ሳልጨርስ የሳቀብኝ።
መኪናው ኤንትሬ ነው፤
ካቢናው የወተት ጣሳ፣ ተሳቢው የሰርዲን ቆርቆሮ፤
ሦስት ወር አልጋዬ ሥር በክብሪት ቀፎ ክሪክ ላይ ቆሞ ያደረ።
ስድስት ጎማ ለራሱ፣ አራት ለተሳቢው፤
አንዱ ከአንድ ድርሃም አይሰፋም።

ሲሊኮን ተቃራኒ ነው። ፀሐይ አያደርቀውም፣
አስፋልት ላይ ቢያሰጡት ስንፍናው አይለቀውም፤
እርጥበት ነው የሚያጠነክረው፣ ከባሕሩ የሚመጣ ላብ፣
በነሐሴ ማታ ከመስኮት ከግድግዳ የሚንጠባጠብ።
የበቆሎ ዱቄት ነስንሼ እንደ ሊጥ አሸሁትና
አቼቶ አቼቶ ሸተተ፤ ባይጁ ከላይ ነቃና
«ሰላጣ ነው?» አለኝ።
«ጎማ ነው» አልኩት።
ተመልሶ ተኛ።

አባቴ ይማም ጎሚስታ ነው፣
ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ዳር፤
የአባቴ ሥራ አረፋ ነበር።
ካላማዳሪውን ነፍቶ በግማሽ በርሜል ውሃ እየደፈቀ፣
ጆሮውን አዘንብሎ፣ ሾፌሩን ዝም አሰኝቶ እየጠበቀ፣
ቡልቅ ሲል፣ ጣቱን ይሰድና «እዚህ ጋ ነሽ» ይላታል፤
ቀዳዳን በአንቺ ነበር የሚጠራት።
«የምትናገር ቀዳዳ አታስፈራም፤
ዝም ብሎ የሚያድር ጎማ ነው ጠዋት መሬት የሚተኛ።»

እኔ ደግሞ የአረፋ ጠላት ሆንኩ።
በስቴኪኒ እየወጋሁ፣ የጀሶውን ቅርጽ በማንኪያ ጀርባ እየመታሁ፣
«ውጪ፣ ውጪ» እያልኩ አባረርኩ፤
አንዲት ከቀረች ከጥርሱ መሃል ጉድጓድ ትቆፍራለች።

የመጀመሪያው፣ ሳሙና ረስቼ፣ ጀሶውን ነክሶ ቀረ፤
ሁለተኛው ጥርሱ ረግፎ ድዱ ብቻ ተረፈ፤
ሦስተኛው፣ ቸኩዬ ከፈትኩት፣ መሃሉ ገና ጥሬ ነበረ።

አራተኛው መጣ።
ጥርሱ ሙሉ፣ ትከሻው ክብ፤ መዳፌ ላይ አንከባለልኩት፣
ወደ አምፖሉ ሳዞረው ጎኑ ላይ አንድ ነገር አየሁት፦
የአውራ ጣቴ አሻራ፣ ሳስቶም ቢሆን፣ መስመር በመስመር ተዘርግቶ።
ያው አሻራ ባለፈው ሳምንት ከኢቃማው ቢሮ ማሽን ላይ ጠፍቶ፣
አራቴ ቀይ መብራት ሲበራ፣ ልጅቷ ጣቴን በሶፍት ጠርጋ
«ምን በላው?» ብላኝ ነበር።
ስምንት ዓመት የመስታወት ጥግ በጣት ስስል፣ በጋ ከበጋ።
የበላው እሱ። የመለሰውም እሱ።
በምላጭ ላስተካክለው ብዬ ተውኩት፤
የኋላ ግራ፣ ከውስጥ በኩል አጠለቅኩት።

ዐሥሩ በአምስት ዓርብ አለቁ።
ክብሪቶቹን ከሥሩ አወጣሁ፤ ኤንትሬው በራሱ ቆመ፤
በሲሚንቶው ወለል ገፋሁት፣ ባይጁ ጫማ ሥር ገብቶ ቆመ።

ፎቶ አንስቼ፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ፣ ለእኅቴ ለዘምዘም ላክሁ።
አባቴ ስለ ካቢናው አልጠየቀም፣
ስለ ቀለሙም ምንም አላለም አለችኝ።
ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቆየ፤
ከዚያ በጥፍሩ መስታወቱን ኳ ኳ አደረገ፣
ጎማን በብረት እንደሚመታ፣
ጆሮውን አዘንብሎ።

«የኋላ ግራ» አለ፣ «የውስጠኛው፤
ነፋስ ያንሰዋል።
ጭነት ሳይይዝ ይየው በይው።»