ሥርና ክር

ሃያ ስድስት ዓመት ክር ስቀጥል በጣቴ፣
ፋብሪካው ጆሮዬን ወስዶ ላከኝ ወደ ቤቴ።
ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ የቀረኝ ሰገነት፣
ሲሚንቶ የለበሰ፣ አፈር የሌለበት።

ከሰፈሩ ሁሉ የቀለም ባልዲ ለምኜ፣
ታቹን በጋለ ምስማር በስቼ፣ ቀይ አሽ በአካፋ ዘግኜ፣
ቃጫ ቀላቅዬ ቲማቲም ተከልኩ፤
ዐሥራ አራት ባልዲ፣ በጠመኔ ቁጥር ሰጥቼ ደረደርኩ።
ውኃ በጠብታ፣ ማዳበሪያ በማንኪያ፣
ሰጠሁ። ቆመው ቀሩ፣ ቀጥነው እንደ መፋቂያ።

የእህቴ ልጅ ረውዳ፣ ከደሴ ሐረጎን ወርዳ፣
ፌስታል አንጠልጥላ መጣች፣ ቁም ነገር እንዳላት እንግዳ።
«ምንድን ነው?»
«ሻጋታ።»
«አንቺ ልጅ! ሰው እኮ ስኳር ይዞ ነው የሚመጣ፤
ሻጋታማ ሐምሌ ሲገባ፣ ከግድግዳዬም አይታጣ።»

ጮኻ አስረዳችኝ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፤
«ማን ነው የሻገተው?» ብላ ብቅ አለች ሐሊማ።
«ቀይ አሽሽ ንጹሕ ነው፣ አክስቴ፣ ንጽሕናው ነው ክፋቱ፤
ሥሩ ጎረቤት የለው፣ ባዶ ነው ቤቱ።
ባዶ ቤት ያየ ሌባ ሰተት ብሎ ይገባል፤
ደግ ከሰፈረበት ግን ደጅ ቆሞ ያስባል።
ለሰባቱ ስጪ፣ ሰባቱን ተያቸው፣
ከወር በኋላ መጥቼ በሜትር ልለካቸው።»

አረንጓዴውን ዱቄት በውኃ በጥብጬ
ሰጠሁ። ነፈግሁም።
ሲመሽ ግን በተነፈጉት በኩል ሳልፍ
ፊቴን አዞራለሁ፣
እንደ እንጀራ እናት።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ነቀል አድርጌ አየሁ።
መነጽሬን ጠረግሁ።
ሥሩ ላይ ነጭ ድር፣ ከቁጥር አርባ የቀጠነ፣
ድንጋዩን አልፎ፣ ቃጫውን አቋርጦ፣ ጫፍ ጫፉን የሸፈነ።
ማንም አልቀጠለው፣ አንድ ቦታ አልተበጠሰም፤
ሌት ተቀን ሲፈትል የማንንም ጆሮ አልጨረሰም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ።
አንበሳ ምን ይሠራልኛል?
ቲማቲሜን ያቁምልኝ።

አቆመም። የተሰጣቸው ወገቤን አለፉ፣ አበባም ያዙ፤
ሌሎቹ ጉልበቴ ሥር ቀርተው ፈዘዙ።
ዘጠነኛውን ግን፣ ከሁሉ ያማረውን፣
የሐሊማ ፍየል ደረጃ ወጥታ ቀረጠፈች አንገቱን።
ረውዳ በደብተሯ ለፍየል ዓምድ አላሰመረችም።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
ከፌስታሉ ታች የተረፈውን በጣሳ በጠበጥኩ፤
ለተነፈጉት ሰባት፣ በጨለማ፣
አንድ በአንድ፣ ቁጥራቸውን እየዳበስኩ አጠጣሁ።

ረውዳ ሜትሯን ይዛ መጣች።
ባዶውን ፌስታል አየች።
«አክስቴ! ጥናቱን እኮ አበላሸሽው!»
አልሰማሁም አልኳት፤
ጆሮዬ አንዳንዴ ይጠቅመኛል።
ቀናም አላልኩ። ነፋስ የጣለውን ግንድ
ከቀርከሃው ጋር እያሰርኩ ነበር፣
በድሮው ቋጠሮ፣
ያለ መቀስ።