የሟች ፊርማ

ፍሪታውን ላከችኝ፣ መዝገብ እንዳጠራ፣
ሙታንን እንድነቅል፣ ከደመወዝ ተራ።
ፖርት ሎኮ ገባሁ፣ ላፕቶፕ በጀርባዬ፣
አሻራ ማንሻውን፣ ይዤ በጉያዬ።

አሉሲን ቶሊ ይላል፣ የውሃ መስመር ከፋች፤
አራት ዓመቱ ነው፣ ከተባለ ሟች።
ግን አንድ ጠዋት እንኳ፣ ከፊርማ አልቀረም፤
ዓመት ፈቃድ ጠይቆ፣ ታምሞም አያውቅም።
«ይኸው ሌባ!» አልኩኝ፤ ሰረዝኩት በቀዩ።
አለቃው ካርግቦ ዝም አሉ፣ ጣራ ጣራ እያዩ።

በነጋው ቧንቧ ደረቀ።
ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የወላዶቹ ክፍል፣
ባዶ ባልዲ ይጮኻል፣ ሰው ከሰው ይጋፋል።
«የቫልቩ ቁልፍስ?» ብል፣
አንዲት ልጅ ብቅ አለች፣ እግሯ በአባቷ ቦት ዋኝቶ፣
መዳፏ በዝገት ቀልቶ።
የቡ ትባላለች።
«ቅጥር ታግዷል አሉኝ፤ ውሃው ግን አልታገደ፤
በአባቴ ስም እየፈረምኩ፣ ሥራው በክንዴ ሄደ።»

ቅጹን ገለጥኩት። ሁለት ሳጥን ብቻ፦
«በሕይወት ያለ»፣ «የሞተ»።
እስክሪብቶዬ ከመሃል ቆመ።

ማታ ስልኬ ጮኸ፤ «ስንት ሙት ቀነስክ?» አሉኝ።
ባልዲ ይዤ ተሰልፌ ነበር፤
ሠላሳ ሰው ቀደሙኝ።