ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

ቴምብር የምታክል ቁራጭ፣ ከብብቱ ሥር የተወሰደች፣
ሞተሩ ሲፈነዳ እሳቱ የዘለላት፣ በጥግ የተረፈች፣
በበረዶ ሣጥን፣ በሌሊት መኪና፣
ከሃኮዳቴ ወደብ ሳፖሮ ገባችና
ቺዙሩ እጅ ላይ ወደቀች።

ስም የላትም፤ ቁጥር ብቻ፦ አርባ አንድ።
ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ ወንድ፣
ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ የጀልባ መካኒክ።
አደራ የሚቀበል የሰጪውን መልክ አይጠይቅ።

ከፋፈለቻት፤ እንደ እርሾ ጣል ጣል አደረገቻት፤
ሮዝ ፈሳሽ አልብሳ ሳሕን ላይ አስተኛቻት፤
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ የሰው ብብት ሙቀት፤
በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፣ እንደ አራስ ቤት።

ከዚያማ ሥራው ምንድን ነው? ማጥባት።
እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ በየሁለት ቀኑ ሌሊት፣
ሮዙ ወደ ቢጫ ሲያደላ ራባቸው ማለት ነው፤
ያደረውን መጥጦ ትኩሱን ማንጠባጠብ ነው፤
እጅን በአልኮል መለቅለቅ፣ ትንፋሽን መቆጠብ፣
እናት ከኦታሩ ስትደውል ስልኩን አለማንሣት፦
"ልጄ፣ መቼ ነው የምትወልጂው?"
ምን ትበላት?
"እማ፣ ስድስት ሚሊዮን አሳድጋለሁ" ትበላት?

በዘጠነኛው ቀን በአጉሊ መነጽር ስታይ
ደሴቱ ከደሴቱ ተጠጋግቶ ነበር፤
በጨለማ መንገደኛ "ማነህ?" እንደሚባባል
ጎረቤት ጎረቤቱን ይዳስስ ነበር።
ሲነካኩ ይቆማሉ።
ከዚህ ወዲያ ያንተ ነው ይባባላሉ።
ከሰው ይልቅ ድንበር ያውቃሉ
አለች ቺዙሩ፣ ለማንም ሳይሆን፣
መነጽሩን በሸሚዟ ጫፍ እየወለወለች።

ሉሆቹ ደረሱ።
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፤
ለደረት ይኸው፣ ለክንድ ይኸው፣
ለአንገቱ ትንሿ፣ ጠርዟ የተጣመመችው።
ነገ በጠዋት ሊሄዱ
ዛሬ ማታ ስልክ ጮኸ።

"አርባ አንድን ተዪው" አለ ድምፁ።
"ሳንባው እምቢ አለ። ከቀትር በኋላ።"

ደንቡ ግልጽ ነው፣ ገጽ አሥራ ሁለት፤
ባለቤቱ ሲሞት መርዙን አፍስሺ፣ ፈርሚ፣ አቃጥዪ።
ለሌላ ሰው አይሆንም፣ የሌላ ሰው ደም ይገፋዋል።
ጠርሙሱን አነሣች።
አስቀመጠች።
በሳሕኑ ውስጥ ሮዙ ቢጫ ሊሆን ጀምሯል።
አልሰሙም እኮ።
መርዶ ነጋሪ በራቸው አልደረሰ፤
ወንድዬው ሬሳ ቤት ተኝቶ
ቆዳው እዚህ እራት ይጠብቃል።

መገበቻቸው።

ጠዋት አንዲት ሴት መጣች፣ ሱሚዬ ትባላለች፤
የዓሣ ፋብሪካ ቡትስዋን እንኳ አልቀየረችም፤
ሚዛን ፊት እንደቆመ ሰው ቀጥ ብላ፦
"ከእሱ የተረፈ አለ አሉኝ።"

ማየት ክልክል ነው። መንካትም።
"ይሞቃል?" አለች።
"ሠላሳ ሰባት ዲግሪ።"
ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ፈገግ አለች፤
"እሱ እኮ እግሩ በረዶ ነበር፤
ሃያ ስድስት ዓመት አልጋ ውስጥ ስሸሸው ነበር።"

መዳፏን ከብረቱ በር ላይ አኖረች።
በሩ ከውጭ ቀዝቃዛ ነው።
ቺዙሩ አላለች፤ እሷም አላለች።
በኮሪደሩ የጽዳት መኪና እየጮኸ አለፈ፤
እጇን አላነሣችም።

ማታ ደንቡ ተፈጸመ።
ከፎርሙ ግርጌ "የሞተበት ቀን" የሚል መስመር አለ፣
ለአንድ ቀን ብቻ የተሰመረ፣ አጭር።
ቺዙሩ ጽሑፏን አሳነሰች፤
ሁለት ቀን ጻፈችበት።