ደብተሩ እኔ ጋ ነው

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት፣
ሃያ ስምንት ዓመቴ ጫት ስቸረችርበት።
አሥር ሰዓት ሲል፣ ሙቀቱ ሲላላ፣
ሦስት ጡረተኛ ይመጣል፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፤
ሮብሌ ፍሬን ያዡ፣ ጥሩነህ የትኬቱ፣
አብዶሽም መካኒኩ፣ ሬዲዮ በብብቱ።

ጨዋታቸው ሞት ነው፤
የራሳቸው ሳይሆን የሩቅ፣ የትልቅ ሰው።
ሚኒስትር የነበረ፣ ዘፋኝ፣ ጄኔራል፣
ማን ቀድሞ ይጠራል?
በየትኛው ወር ላይ?
መያዣው አንድ እስር፣ ጠዋት የተቆረጠ፣ የአወዳይ።
እርስ በርስ አይተማመኑም፤ ስለዚህ ደብተሩ
እኔ ጋ ያድራል፣ ከጆንያው ከሥሩ።

ሳይንስ አለው ደግሞ።
ጥሩነህ ያስረዳል፣ ጣቱን አስቀድሞ፦
«ለተሻለ ሕክምና ወደ ውጭ» ሲባል፣
ያ ገና ጭሱ ነው፤ እሳቱ ይቆያል።
ፎቶ ላይ ሲታጣ፣ ከበዓል ሲቀር፣
ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ በጉንፋን ማን ይወራረድ ነበር?
ግን ካባ ሲያለብሱት፣ ዋንጫ ሲሰጡት፣
መንገድ በስሙ ሰይመው ሪባን ሲያስቆርጡት፣
የክብር ዶክተር ብለው ሲያጨበጭቡለት፣
ያን ጊዜ፣ መፍቱሃ፣ እስክሪብቶ አንሺ።
አገር ሰው ሲያመሰግን ስንብት ነው፤ አትርሺ።

ሕጉ አንድ ብቻ፦ ሬዲዮው ይመስክር።
ዘፈኑ ሲቋረጥ፣ ክራር ብቻ ሲቀር፣
አብዶሽ ድምፁን ይጨምራል፤
ድሮ ባቡር ሲጠብቁ ሐዲድ ላይ ጆሮ እንደጣሉት፣
የሦስቱም አንገት ይሰግጋል።
ያሸነፈ ይስቃል፤ ወዲያው ሳቁን ውጦ
«ነፍስ ይማር» ይላል፣ የተሻለውን እስር መርጦ።

ግንቦት ላይ ዘካሪያስ ማግኔት መጣ፣
የምድር ባቡር በረኛ፣ እጁ ኳስ የማያጣ።
አርባ ዓመት ከድሬ ተለይቶ የኖረ፣
ስቴዲየም ተጠርቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ከበረ።
ከንቲባው ካባውን ሳይቋጭለት ገና፣
ሦስቱም አስመዝግበዋል፦ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እንደገና።

በማግስቱ ከባጃጅ ሲወርድ አየነው፣
ካባው በክንዱ ላይ፣ ላብ አጥምቆት፣ ያው።
«እኔ አለሁበት አሉ፤ እስቲ አሳዩኝ» አለ።
ጥሩነህ ያልጮኸ ስልክ አነሳ፣
አብዶሽ ክር የሌለው ጫማ ሊያስር ታገለ።
እኔ ገለጥኩለት። ምን ላድርግ? ስሙ ነው።
በጣቱ ተከትሎ፣ እንደ ቡድን ዝርዝር፣ ቀስ ብሎ አነበበው።
«ሰኔ? ሰኔ የማነው? ችኩል ነው ይሄ ሰው።
በራሴ ላይ ሁለት እስር፣ ደቻቱ ሲሞላ።
ወር አልጠራም እኔ፤ ጎርፉ ይምጣ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ።»
«ብትበላስ ማን ይረከባል?» ሮብሌ ጠየቀ።
«በረኛ ነኝ እኮ» አለና ሳቀ።
«ሪጎሬ ሲመታ ኳሱን አንጠብቅም፤
ጎን መርጠን እንወድቃለን፤ የቀረው የኛ አይደለም።»

ሰኔ አለፈ፤ ሁለት ሰው ተበላ።
ሐምሌም ሄደ፤ ማግኔት እኛው ጋ፣ በኒሙ ጥላ፤
ጫት አይቅምም፣ ሎሚ ይመጣል፣ በሰው ዶሚኖ ይፈርዳል፣
ሬዲዮው ሲቀዘቅዝ «እኔ አይደለሁም» ይላል።

ነሐሴ፣ አንድ ሌሊት፣ ድሬ ሳይዘንብባት፣
ከደንገጎ ጋራ ደቻቱ ደፍርሶ መጣባት።
በሦስተኛው ቀን ማግኔት አልመጣም።
አልጋው ላይ ነው አሉ፣ በጎኑ፣ በቀኝ።
ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።
አብዶሽ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ጠበቅን።
ዘፈኑ አልቀዘቀዘም። የሳሙና ማስታወቂያ ሰማን።
በስፖርት ዜናው ጫፍ፣ ከአየር ሁኔታው በፊት፣
ስሙን አጣመው ጠሩት፦ «ዘካሪያስ ማኔት»።

ጥሩነህ «ክራር የለም፤ አይቆጠርም» አለ።
ልክ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ እኔው ጽፌው ስላለ።
ግን ፈረድኩ፦ ተቆጥሯል። ሁለቱን እስር ይዤ፣
ሻርፔን አጥብቄ፣ ከቀባሪ ጋር ተጉዤ፣
ለቆፋሪዎቹ ሰጠኋቸው፤ ድሬ ጉድጓድ ሲቆፈር
አሸዋው እየተናደ ያስቸግር ነበር።

ትናንት ቀበሌ ጠራኝ፦ «የምስክር ወረቀት
አለሽ፤ ግብር በወቅቱ ለከፈለች እናት።»
ቅዳሜ፣ አዳራሽ፣ ጭብጨባ፤ ካባም አይቀርም አሉ።
ለሦስቱ ነገርኳቸው። «ማሻአላህ!» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ።
ሮብሌ ኪሱን ዳበሰ፤ እስክሪብቶ ሲፈልግ አየሁ።
ጆንያውን ወደ ጉልበቴ ሳብኩ። ጫቱ ላይ ውኃ ረጨሁ።

ደብተሩ እኔ ጋ ነው።