ቀዩ ያለቀበት

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ስር፣
እንደ ታረደ በግ ቆዳ ተጠቅልሎ ነበር።
«ስንት ነው?» አልኩት። ሻጩ ዞር እንኳ ሳይል፣
«ለእግር መጥረጊያ ነው፤ የፈቀድከውን ጣል።»

ውሃ የጠጣ የበግ ጠጉር ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ?
ከገበያው አፋፍ እስከ ሸዋ በር ድረስ
ሦስቴ አሳርፎኛል፤
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ትከሻዬን ሲያለብስ፣
ሁለት ጋቢ ደርቤ የሄድኩ መስሎኛል።

ሥራዬ ታፔላ ነው። የዳቦ ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣
የባጃጅ ጀርባ ምክር፣ የጋራዥ በር፣ የፀጉር ቤት።
ሃያ ዓመት ፊደል ስጽፍ፣ ፊደሌ አጥር አልነበረው፤
ቆርቆሮው ባለቀበት፣ ቃሉም እዚያው የሚያልቅ ነው።

አጥቤ አሰጣሁት፣ በአከራዬ አጥር ላይ።
ሁለት ቀን ጭቃ አነባ። በሦስተኛው ፀሐይ
አንድ አትክልት ቦታ ከውስጡ ብቅ አለ፤
ሮማኑ የፈነዳ፣ ቅጠሉ የዋለለ፣
በአጥር ውስጥ ሌላ አጥር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ አጥር፣
እግር የማይደርስበት፣ ዓይን ብቻ የሚሻገር።

«ምንጣፍ እንደ ሰው ነው፤ ፊቱን አይተህ አትመን፤
ገልብጠህ ቋጠሮውን እይ፤» አሉ ሐጂ ሙዘይን።
ገለበጡት። ጣታቸው እንደ ጤፍ ለቃሚ ዶሮ
ከአንዱ ወደ አንዱ ዘለለ፣ ቋጠሮ ከቋጠሮ።
«የሩቅ ነው፤» አሉ በመጨረሻ።
ከፋርስ ይሁን፣ ከቡኻራ፣ አላወቁም። እኔም አላውቅም።
የሠራችው ሴት የትም ቦታ ስሟን አልጻፈችም።
(እኔ ግን ታፔላ ጥግ ላይ ስልኬን ሳልጽፍ አላልፍም።)

አንድ ጥግ ላይ ቀዩ ድንገት ይሰደዳል፤
ከደም ወደ ሸክላ፣ ከሸክላም ይደበዝዛል።
ስህተት መሰለኝ። ሌሊት ፋኖስ ይዤ አየሁት።
ስህተት አይደለም።
ቀለም አልቆባት ነው። ገበያ ርቆባት፣
ወይ ቀለም ያመጣላት የነበረው ሞቶባት፣
ወይ ብር አጥታ፣ ወይ በረዶ መንገድ ዘግቶባት፤
እና እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፣
ባላት ጨረሰችው።

ባላት። ይህን ቃል ደጋግሜ በአፌ አላመጥኩት።

አይጥ የበላውን ጠርዝ ሸምሲያ ዘንድ ወሰድኩት፣ ኮምቦልቻ፤
ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ሠርታ፣
አንድ ጆሮዋን ለማሽኑ ትታ
ጡረታ የወጣች፤ ስትናገር የምትጮህ፣ ስትሰፋ የምታንሾካሹክ።
«ቀይ ክር ልግዛ?» አልኳት። «ምን?»
«ቀይ ክር!»
«ኧረ ተው! የደላንታ ጥቁር በግ ጠጉር አለኝ፤
እሱም ቢሆን ምንጣፍ መሆን አይጠላም፤» አለችኝ።

እንዝርቷ ወር ተኩል ዞረ።
የዚያ የሩቅ አትክልት አንድ ስንዝር ጥጉ
በወሎ በግ ታጠረ።
እጄን ሳሳልፍበት ድንበሩ ይሻክረኛል፤
አንዷ ለሌላዋ «ከዚህ ያዢልኝ» ያለቻት ይመስለኛል።

ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ተቀምጬበት እሠራለሁ።
ቀለም ይንጠባጠብበታል፤ እደነግጣለሁ፣ እጠርጋለሁ።
ሐጂ ሲገቡ ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ፤
ለእኔ እንዳልሆነ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

ከፒያሳ ወደ ሙጋድ ስትወጡ፣ በስተግራ፣
የአሊጋዝን ወፍጮ ቤት ታፔላ እዩልኝ አደራ።
ፊደሉ አጥር አለው አሁን፤ አጥሩ ሮማን ያፈራል፤
በታች ጥጉ ላይ ግን ቀዩ ወደ ሸክላ ይዞራል።
ስልኬንም አልጻፍኩበትም።

አሊጋዝ ዱቄቱን ከቅንድቡ አራግፎ ቆሞ አየው፣
ራቅ ብሎ አየው፣ ቀርቦ አየው።
«ቀይ አልቆብህ ነው?» አለኝ።
«አዎ፤» አልኩት።

ሃምሳ ብር ቀንሶ ከፈለኝ።